የኤሌክትሮማግኔቲክ መድፍ በጦር መርከብ ላይ፦ ከመሞከሪያ ሜዳ እስከ ባሕር ያለው ርቀት

የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረውንና ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበትን የኤሌክትሮማግኔቲክ መድፍ ምርምር በ2021 አቋረጠ። ያቋረጠው መድፉ ስላልተኮሰ አይደለም። በቨርጂኒያ ግዛት ዳልግረን በሚገኘው የመሞከሪያ ሜዳ በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. በተደረገው ተኩስ አረሩ 33 ሜጋ ጁል ጉልበት ይዞ ከአፈሙዙ ወጥቷል፤ ፊዚክሱ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ሆኖም በ2016 ሊደረግ ታቅዶ የነበረው የባሕር ላይ ሙከራ ሳይፈጸም ቀረ። ከመርከብ ላይ ለመተኮስ ቀዳሚ መሆኗን ያስታወቀችው ጃፓን ናት፤ ጊዜውም ጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መሣሪያውም አሜሪካውያን ካለሙት እጅግ ያነሰ፣ የአፈሙዙ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ነበር።

በሜዳ ላይ የሠራ መሣሪያ በመርከብ ላይ ለመሥራት ይህን ያህል ዓመት የቸገረው ለምንድን ነው? ብዙዎቹ ጽሑፎች መልሱን በመድፉ ውስጥ ይፈልጋሉ። ዋናው እንቅፋት ግን መድፉን የሚሸከመው አካል ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል፣ ለመሠራት ከጠየቀው ጥበብ ይልቅ መቅደላ ለመድረስ የጠየቀው ድካም ይበልጥ ነበር። በ1860 ዓ.ም. በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ቁልቁለትና ዳገት ላይ መንገድ እየተጠረገለት፣ ጉዞው ወራት ፈጀ። የመድፉ ጥያቄ የመንገድ ጥያቄ ሆኖ ነበር። በዛሬው የጦር መርከብ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የማቀዝቀዣ ውኃና የወለል ስፋት ጥያቄ ይሆናል።

የአሠራሩ መሠረት

የሐዲድ መድፍ፣ በተለምዶ ሬልገን የሚባለው፣ ባሩድ የለውም። ሁለት ትይዩ ሐዲዶች አሉት፤ በመካከላቸው ሁለቱንም የሚነካ ተንሸራታች አስተላላፊ ይቀመጣል፤ አረሩ ከአስተላላፊው ፊት ይሆናል። ኮረንቲው በአንዱ ሐዲድ ገብቶ፣ ተንሸራታቹን ተሻግሮ፣ በሌላው ይመለሳል። በሐዲዶቹ መካከል የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ ይህንኑ ጅረት እየገፋ ተንሸራታቹን ወደ አፈሙዙ ያስፈነጥረዋል።

የግፊቱ መጠን የጅረቱ ካሬ በሐዲዶቹ የሜትር ኢንደክታንስ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በተለመዱት ንድፎች የሜትር ኢንደክታንሱ ግማሽ ማይክሮ ሄንሪ ገደማ ስለሆነ፣ 4 ሚሊዮን አምፔር ሲፈስ ግፊቱ 4 ሚሊዮን ኒውተን ይሆናል፤ 400 ቶን ገደማ የሚመዝን ነገር የሚያሳርፈው ክብደት ማለት ነው። ይህ ግፊት በ10 ሜትር ርዝመት ሳይቀንስ ቢጸና 40 ሜጋ ጁል ይሰጣል። በተግባር ጅረቱ እስከ መጨረሻው ስለማይጸና ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ የዳልግረኑ 33 ሜጋ ጁል ከዚህ ስሌት የማይርቀውም ስለዚህ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። አረሩን ወደ ፊት የሚገፋው መስክ ሐዲዶቹንም ወደ ጎን ለመበርገድ ይታገላል። ስለዚህ ሐዲዶቹን አቅፎ የሚይዘው መያዣ ኮረንቲ የማያስተላልፍ፣ ግን እንደ ብረት የሚጠነክር መሆን አለበት። እነዚህን ሁለት ጠባዮች አስማምቶ የሚይዝ ቁስ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጉልበትና ኃይል

በዕለት ተዕለት አማርኛ ጉልበትና ኃይል እየተወራረሱ ይነገራሉ። በዚህ ርእስ ግን ሁለቱን አለመለየት ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል።

አረሩ 32 ሜጋ ጁል ይዞ እንዲወጣ ከተፈለገና የሥርዓቱ ብቃት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው ከተባለ፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ ወደ 100 ሜጋ ጁል መከማቸት አለበት። ይህ መጠን በራሱ የሚያስፈራ አይደለም። ወደ 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ የሚወስደው። የሚያስፈራው የጊዜው ማጠር ነው። አረሩ 10 ሜትሩን ጨርሶ በሰከንድ 2,500 ሜትር ፍጥነት ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ 8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። 32 ሜጋ ጁል በ8 ሚሊ ሰከንድ ሲካፈል 4,000 ሜጋ ዋት ይሆናል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተተከለ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ አንድ መድፍ፣ ለዓይን ጥቅሻ በማይሞላ ቅጽበት፣ ከግድቡ ሙሉ ኃይል ከሦስት አራተኛ በላይ የሆነውን ለአረሩ ያስረክባል።

ይህን በቀጥታ የሚያቀርብ ጄኔሬተር በየትኛውም መርከብ ላይ የለም። ስለዚህ ጉልበቱ ቀስ ብሎ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ማጠራቀሚያውም ካፓሲተር ነው። ካፓሲተሮች፣ ከነመቀያየሪያቸው ሲታሰቡ፣ በጥሩ ግምት በአንድ ሜትር ኩብ 1 ወይም 2 ሜጋ ጁል ቢይዙ ነው። 100 ሜጋ ጁል ለማከማቸት ከ50 እስከ 100 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ባለ 20 ጫማ የጭነት ኮንቴይነር። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ የቻይና ማረፊያ መርከብ ሃይያንግሻን መድፍ ተተክሎበት ሲታይ በመርከቡ ወለል ላይ ኮንቴይነሮች ተደርድረው ነበር። በ2025 የጃፓኗ የሙከራ መርከብ አሱካም እንዲሁ ኮንቴይነር ተሸክማ ታይታለች። ሁለቱም ሰፊ ባዶ ወለል ያላቸው መርከቦች ናቸው። ሚሳኤል፣ ራዳርና ሄሊኮፕተር በሞሉት ተዋጊ መርከብ ላይ ግን ቦታ የሚገኘው ሌላ ነገር ወጥቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመሙላት ጥያቄ ነው። የአሜሪካው ዕቅድ በደቂቃ 10 ተኩስ ነበር። በየስድስት ሰከንዱ 100 ሜጋ ጁል ለመሙላት ሳያቋርጥ 16 ሜጋ ዋት ገደማ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ አቅም 11.4 ሜጋ ዋት ነው። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በነበራት ዘመን ከአሜሪካ በ1962 እ.ኤ.አ. የተረከበቻትና በአገሪቱ ስም የተሰየመችው መርከብ የሞተሮቿ ጠቅላላ ጉልበት 6,000 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 4.5 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። መርከቧ ቆማ፣ መብራቷን አጥፍታ፣ ያላትን ሁሉ ለመድፉ ብትሰጥ እንኳ በደቂቃ ሦስት ጊዜ አትተኩስም።

ዘመናዊዎቹስ? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የአርሊ በርክ ክፍል አውዳሚ መርከቦች 75 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጩ አራት የጋዝ ተርባይኖች አሏቸው፤ ተርባይኖቹ ግን በጥርስ ማርሽ በኩል ከመቅዘፊያው ዘንግ ጋር የተያያዙ ናቸው። ኮረንቲ የሚያመነጩት ሌሎች ሦስት ጄኔሬተሮች ሲሆኑ፣ ድምራቸው በቀደመው ንድፍ 9፣ በአዲሱ 12 ሜጋ ዋት ነው። ከዚህም ላይ ራዳሩ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። መርከቡ ኃይል አላነሰውም፤ ኃይሉ ግን ወደ መድፉ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ዙምዋልት የተባለው ክፍል ይህን ለመፍታት የተነደፈ ነው፦ ሁሉም ተርባይን ጄኔሬተር ያዞራል፤ መቅዘፊያውንም የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ጠቅላላው አቅም 78 ሜጋ ዋት ነው። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 73 ሜጋ ዋት መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ፣ አንድ መርከብ አንድ ሙሉ የኃይል ማመንጫ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። የሐዲድ መድፉ ከዚህ ክፍል በሦስተኛው መርከብ ላይ እንዲተከል ታስቦ ነበር። ይሁንና 32 ይሠራሉ የተባሉት ዙምዋልቶች ሦስት ሆነው ቀሩ።

በቂ ኃይል ቢኖርም ጉዳዩ አያበቃም። ካፓሲተሮቹ በየስድስት ሰከንዱ ሲሞሉና ሲያቆሙ በመርከቡ መስመር ላይ ያለው ጭነት ይወጣል ይወርዳል። ተርባይን እንዲህ ላለ ፈጣን ለውጥ በሰከንዶች ይዘገያል፤ በዚያ መካከል ቮልቴጁ ቢወርድ መጀመሪያ የሚጎዳው መርከቡ ዒላማውን የሚያይበት ራዳር ነው። መፍትሔው በጄኔሬተሩና በካፓሲተሩ መካከል ባትሪ ወይም የሚሽከረከር ከባድ ጎማ ማስገባት ሲሆን፣ ያም በተራው ቦታ፣ ክብደትና ማቀዝቀዣ ይጠይቃል።

ሙቀትና ባሕር

ከ100 ሜጋ ጁል 32ቱ ከአረሩ ጋር ከወጡ 68ቱ መርከቡ ላይ ይቀራሉ፤ በሐዲዱ፣ በኬብሉ፣ በመቀያየሪያው ውስጥ ሙቀት ሆነው። በደቂቃ 10 ተኩስ ከሆነ ከ11 ሜጋ ዋት በላይ ሙቀት ያለማቋረጥ መወገድ አለበት። ማስወገጃው ባሕሩ ነው። የባሕር ውኃ በ15 ዲግሪ ገብቶ በ45 እንዲወጣ ቢፈቀድለት በየሰከንዱ 95 ሊትር ገደማ ይበቃል። በደቡባዊው ቀይ ባሕር በበጋ የውኃው ገጽ ከ30 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በዚያ የሙቀት ልዩነቱ በግማሽ ይቀንስና የሚያስፈልገው ውኃ በሰከንድ 190 ሊትር ይሆናል፤ ፓምፑ፣ ቧንቧውና የሙቀት መለዋወጫው ሁሉ በዚያው መጠን ያድጋሉ። ከዚህ የተነሣ በአትላንቲክ ዳርቻ የተፈተነ ሥርዓት ለባብ ኤል መንደብ በቂ ነው ብሎ መቀበል አይቻልም።

በደጋ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ይህን ችግር በተቃራኒው ያውቁታል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮሶዬ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ከፍተኛ ቮልቴጅንም በደንብ አይከላከልም። ስለዚህ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚተከሉ ትራንስፎርመሮችና ሞተሮች አቅማቸው ዝቅ ተደርጎ ይታሰባል። በባሕር ላይ አየሩ ወፍራም ነው፤ ነገር ግን ጨውና እርጥበት ይዟል። በማገጃው ገጽ ላይ የሚያርፍ እርጥብ ጨው ለኮረንቲው የማይፈለግ መተላለፊያ ይሆናል። የቀይ ባሕር ጨዋማነት ደግሞ ከውቅያኖሶች አማካይ ይበልጣል። በአንዱ ቦታ የተሰላ የማገጃ ርቀት በሌላው የማይሠራ መሆኑ ለተማሪው አዲስ ነገር ባይሆንም፣ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት የሚሞላ ካፓሲተር በሰዎች መኝታ ሥር ሲቀመጥ የስሕተቱ ዋጋ የተለየ ነው።

የበርሜሉ ዕድሜ

ሚሊዮኖች አምፔር በተንሸራታች ግንኙነት ውስጥ ሲያልፉ የግንኙነቱ ገጽ ይቀልጣል። ቀጭን የቀለጠ ብረት ሽፋን እንደ ቅባት ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ግን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይነሣና ሐዲዱን ይበላዋል። በመነሻው አካባቢ ተንሸራታቹ ገና ዝግ ያለ በመሆኑ ሙቀቱ በአንድ ቦታ ይከማቻል፤ በአፈሙዙ አካባቢ ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ ገጹን ይቦጭቀዋል። አረሩ ሲወጣ በሐዲዶቹ ውስጥ የቀረው ጉልበት በአፈሙዙ ላይ እንደ እሳት ይፈነዳል። በዳልግረን ፊልሞች ላይ የሚታየው ነበልባል ከባሩድ የመጣ አይደለም።

ጃፓናውያን ትንሽ መድፍ መምረጣቸው ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ያስታወቁት ውጤት በሰከንድ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት 120 ተኩስ የሚችል በርሜል ነው። ለዚህ ቴክኖሎጂ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በደቂቃ 10 ጊዜ ለሚተኩስ መርከብ ግን 120 ተኩስ የ12 ደቂቃ ውጊያ ነው። የተለመደው ባለ 5 ኢንች የመርከብ መድፍ በርሜል በሺዎች የሚቆጠር ተኩስ ይችላል። በርሜል በባሕር ላይ የሚቀየር ከሆነ ክሬን፣ መለዋወጫና የተረጋጋ ባሕር ያስፈልጋል፤ ወደብ ተመልሶ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ መርከቡ ከውጊያው ወጥቷል።

አረሩና አድማሱ

ከኮሶዬ ገደል አፋፍ ወደ ቆላው የሚመለከት ሰው ዓይኑ ሩቅ ይሄዳል። ከሥሩ ካለው ሜዳ 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ተመልካች፣ ሌላ ተራራ ባይጋርደው፣ የምድር ጠመዝማዛነት የሚያቆመው በ113 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከውኃው 20 ሜትር ከፍ ካለ የመርከብ ምሰሶ ላይ ሆኖ የሚያይ ግን አድማሱ 16 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሐዲድ መድፍ ተስፋ የተጣለበት 100 የባሕር ማይልና ከዚያ በላይ ለሚሆን ርቀት ነበር፤ ስለዚህ አረሩ በቀጥታ ሳይሆን እንደ ቅስት ከፍ ብሎ የሚወርድ፣ በጉዞው መጨረሻም ራሱን የሚመራ መሆን ነበረበት።

መሪ መሣሪያው የሚደርስበትን ማስላት ይቻላል። በ10 ሜትር ውስጥ 2,500 ሜትር በሰከንድ ለመድረስ የሚያስፈልገው ፍጥንጥነት የመሬት ስበትን 32,000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። አንድ ግራም የምትመዝን ቺፕ ለዚያች ቅጽበት 32 ኪሎ ግራም ትሆናለች፤ ያውም ከአጠገቧ እጅግ ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ እያለ። ከዚህ የሚተርፍ አንቴና፣ ባትሪና መቆጣጠሪያ ክንፍ መሥራት ከመድፉ ያልተናነሰ ምርምር ነው።

ምርምሩም ፍሬ አላጣም፤ ፍሬው ግን ሌላ እጅ ገባ። ለሐዲድ መድፉ የታሰበው ፈጣን አረር ከተራ ባሩድ መድፍም ሊተኮስ እንደሚችል ታወቀ። በ2018 እ.ኤ.አ. ዱዊ የተባለው አውዳሚ መርከብ 20 ያህሉን ከባለ 5 ኢንች መድፉ ተኮሰ፤ በመስከረም 2020 ደግሞ ከምድር ጦር መድፍ የተተኮሰው የክሩዝ ሚሳኤልን የሚመስል ዒላማ መትቶ ጣለ። ፍጥነቱ በሐዲድ መድፍ ከሚገኘው ያንሳል፤ ሆኖም ያለ ካፓሲተር፣ ያለ ተጨማሪ ጄኔሬተር፣ በነበረው መድፍ ተሠራ። ከአንድ ዓመት በኋላ ምርምሩ ሲቋረጥ ማንም እጅግ ያልተገረመው በከፊል ለዚህ ይመስላል።

ይህ ማለት ግን የሐዲድ መድፍን የወለደው ጥያቄ ጠፋ ማለት አይደለም። ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርኒ የተባለው አውዳሚ መርከብና ተከታዮቹ በቀይ ባሕር ላይ ከየመን የሚነሡ ድሮኖችንና ሚሳኤሎችን ሲመክቱ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሚሳኤል እጅግ ርካሽ በሆነ ድሮን ላይ የተተኮሰበት ጊዜ ነበር። በዋጋ የሚያሸንፈው አጥቂው ነው። ከዚህም በላይ በባሕር ላይ የተተኮሰ ሚሳኤል በቀላሉ አይተካም፤ መርከቡ ወደብ መሄድ አለበት። ርካሽ አረር በብዛት መያዝ የሚችል መርከብ ያስፈልጋል የሚለው ክርክር ከ2005 ይልቅ ዛሬ ይከብዳል። ርካሽ መሆኑ ግን በተግባር መታየት አለበት። የዙምዋልት ባለ 155 ሚሊ ሜትር መድፎች ልዩ ጥይት፣ የመርከቦቹ ቁጥር ሲቀንስ፣ የአንዱ ዋጋ ወደ 800,000 ዶላር ስለወጣ በ2016 ተሰረዘ። መርከቦቹ ጥይት የሌለው መድፍ ይዘው ቀሩ፤ በኋላም መድፎቹ ተነሥተው ቦታው ለሃይፐርሶኒክ ሚሳኤል ተሰጠ።

ከአውሮፕላን ማስወንጨፊያው የሚገኝ ትምህርት

በዚሁ የፊዚክስ ዘር ውስጥ በባሕር ላይ በእውነት የሚሠራ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የኤሌክትሮማግኔቲክ አውሮፕላን ማስወንጨፊያ ነው። በ2017 አገልግሎት የጀመረው ጄራልድ ፎርድ አውሮፕላን ተሸካሚ ይጠቀምበታል፤ በኅዳር 2025 ሥራ የጀመረው የቻይናው ፉጂያንም እንዲሁ። ማስወንጨፊያው ጉልበቱን በሚሽከረከር ከባድ ጎማ ያከማቻል፤ የሚለቀውም በሚሊ ሰከንድ ሳይሆን በሰከንዶች ነው። ተንሸራታች የኮረንቲ ግንኙነትም የለውም። ከሐዲድ መድፉ ሁለት ከባድ ችግሮች ነጻ ነው ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያ ዓመታቱ ቀላል አልነበሩም። በሁለት ከባድ ብልሽቶች መካከል 4,166 ማስወንጨፍ እንዲችል ተፈልጎ ሳለ፣ የ2020 የአሜሪካ መከላከያ የፍተሻ ዘገባ 181 ብቻ መመዝገቡን ገለጸ። ከቁጥሩ ይልቅ ለንድፍ ተማሪ የሚጠቅመው ምክንያቱ ነው። ማስወንጨፊያዎቹ የጉልበት ማከማቻውንና የኃይል መለወጫውን ስለሚጋሩ አንዱ ሲበላሽ በረራ ሳይቋረጥ ከኤሌክትሪክ ለይቶ መጠገን አልተቻለም። በእንፋሎት ዘመን አንድ ቫልቭ ተዘግቶ የሚጠገነው ነገር አሁን የጋራ መስመር ሆነ። የሐዲድ መድፍ፣ ሌዘርና ራዳር ከአንድ ማከማቻ እንዲመገቡ የሚነድፍ መሐንዲስ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ አንዱ ሲቃጠል የትኛው ይቆማል?

ለኢትዮጵያ ተመራማሪ

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ተመሠረተ፤ አገሪቱ የባሕር በር ካጣች በኋላም ፈረሰ። በ2018 እንደገና እንደሚቋቋም ተነገረ፤ በመጋቢት 2019ም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ለእንዲህ ያለ ጅምር ተቋም የሐዲድ መድፍ የሚታሰብ ዕቃ አይደለም፤ ይህን መናገር ጨለምተኝነት አይሆንም። የመርከብ ዕድሜ ግን 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ መሣሪያው በየአሥር ዓመቱ ይለወጣል። ዛሬ የሚመረጥ መርከብ ትርፍ የኤሌክትሪክ አቅም፣ ትርፍ የማቀዝቀዣ ውኃና ባዶ ወለል ከሌለው ነገ የሚመጣውን ድሮን መመከቻ፣ ሌዘርም ሆነ የተሻለ ራዳር፣ አይሸከምም። በግዢ ውይይት ላይ የመድፉ ስፋትና የሚሳኤሉ ቁጥር ቀድመው የሚጠየቁ ቢሆንም፣ የጄኔሬተሩ ትርፍ ሜጋ ዋት ከሁለቱ በላይ ዘላቂ ነው።

በምርምር በኩል መነሻው ከባሕር መራቁ እንቅፋት አይሆንም። የተንሸራታች ኮረንቲ ግንኙነት መበላት በአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና በአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የላይ ሽቦ ላይ በየቀኑ የሚከሠት ነው፤ የጅረቱ መጠን በብዙ ሺህ እጥፍ ቢያንስም ብልጭታው፣ የገጹ መቅለጥና የቁሱ ምርጫ የአንድ ቤተሰብ ጥያቄዎች ናቸው። የጅቡቲው መስመር ከደጋ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳርቻ ስለሚወርድ፣ የሳሳ አየርና የጨው እርጥበት በማገጃዎች ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት በአንድ መስመር ላይ አነጻጽሮ መለካት ያስችላል። ጥቂት ኪሎ ጁል የሚይዝ የካፓሲተር ክምችትና ግማሽ ሜትር ሐዲድ ለአንድ የድኅረ ምረቃ ቤተ ሙከራ የሚቻሉ ናቸው፤ መለኪያውም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ሐዲዱ ያጣው ክብደት ነው።